ውዱእ ያላቸው ጫማዎች

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ያሉት አበው፣ እኔ እንደምጠረጥረው፣ ይህን የተናገሩት እራት ሳይበሉ ባደሩበት ማግስት ነው። እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ቃል ከጠገበ ሰው አፍ አይወጣም። ደግሞ ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ዱቄቱን ማን ከፍቶ እንደተወው፣ ልጁ ሲያቦካ አዋቂው የት እንደነበረ ማንም አይጠይቅም። ጥፋቱ ሁሉ የልጅ ነው። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ ከአበው ጋር ነበርኩ።

ከአበው ጋር ያጣላችኝ ሚስቴ ሰዓዳ ናት። ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚመክሩ ሰዎችን ስልኳ ላይ ማዳመጥ ከጀመረች ወዲህ ቤታችን ውስጥ አዲስ ሕግ ወጥቷል፤ ሕፃን «ላግዝ» ሲል አይከለከልም። ዛሬ የተከለከለ ልጅ፣ ነገ አድጎ «እስቲ አግዘኝ» ሲባል ጆሮው አይሰማም። ምክሩ መቼም ክፉ አይደለም። ገጠር ላሉት ዘመዶቻችን ባወራላቸው ግን ይስቁብኛል። እነሱ ዘንድ ልጅ ቆሞ መሄድ ሲጀምር ጫጩት ከጭልፊት ይጠብቃል፤ ማንም ሰብስቦ አልመከራቸውም። እኛ ከተሜ ነን ባዮቹ ነን ልጁን መጀመሪያ «አርፈህ ተቀመጥ» ብለን አስቀምጠን ስናበቃ፣ እንዴት እንደሚነሳ ከስልክ የምንማረው።

እናም ልጃችን ሐያት ሦስት ዓመት ሳይሞላት ሥራ ጀመረች።

የሕፃን እገዛ ቤታችሁ ገብቶ ካላያችሁት በስተቀር አይገባችሁም። ሐያት ሽንኩርት ትልጣለች። ልጣጩ የት ላይ እንደሚያበቃ የነገራት ስለሌለ፣ ልጣ ስትጨርስ ሽንኩርቱ የለም። እንቁላል በሳሙና ታጥባለች። ቤት ትጠርጋለች፤ ማለት እናቷ አንድ ጥግ የሰበሰበችውን ቆሻሻ ለቤቱ ሁሉ እኩል ታካፍላለች፤ አድልዎ የማታውቅ ልጅ ናት። ሰዓዳ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለች፣ «ጎበዝ የእኔ ልጅ» እያለች፣ ሁሉንም እንደገና ትሠራዋለች። እኔ የልብስ ስፌት ሱቄ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ነው። አመሻሽ ላይ ስገባ ሁለቱም ደክሟቸው አገኛቸዋለሁ፤ አንዷ ሠርታ፣ አንዷ አግዛ።

አንድ ሥራ ግን በሐያት ልክ የተሰፋ ሆኖ ተገኘ። ጫማ ነው። እኛ ቤት ሰው በጫማው አይገባም፤ ደጃፍ ላይ ያወልቃል። ሐያት የወለቀውን ጫማ ጥንድ ጥንዱን አገናኝታ በረድፍ ታቆማለች። ግራና ቀኙን ማምታታቷን ከተውንላት እንከን አይወጣላትም። ከዚህ ሥራ ስትፈታ የምታዘወትረው ደግሞ አባቴ ውዱእ ሲያደርጉ፣ ለሶላት ሲታጠቡ፣ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ማየትን ነው።

እዚህ ላይ ስለ አባቴና ስለ ውሃ ጥቂት ላውራችሁ። ሰፈራችን ቧንቧ ውሃ ይባላል። ቧንቧው አለ። ውሃው ግን እንደ ዘመድ ነው፤ ሲመጣ ደስ ብሎን ተቀብለን፣ በርሜልና ጀሪካን ሞልተን እናሳድረዋለን። አባቴ ሸህ ይመር ለሶላት የሚታጠቡት ከዚያ በርሜል ተቀድቶ በላስቲክ ማንቆርቆሪያ በሚቀርብላቸው ውሃ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች የምታቀርበው እሷ ነበረች። እሷ ወደ አኼራ ከሄደች ወዲህ ደግሞ ታናሽ እህቴ ዘሀራ። ዘሀራ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ፣ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ትቆማለች። አባቴ ከእጃቸው ጀምረው እግራቸው ላይ ሲደርሱ ፎጣውን ትዘረጋላቸዋለች። በዚያች ሰዓት ብዙ አይነጋገሩም። ነገር ግን እናቴ ከሞተች ወዲህ የአባቴ ፊት ሲፈታ ያየሁት ሁልጊዜ እዚያች በርሜል አጠገብ ነው።

ሐያት ይህን ሁሉ ቁጢጥ ብላ ትማር ነበር። መጀመሪያ ቢስሚላህ እንደሚባል፣ ቀኝ እንደሚቀድም፣ ሦስት ሦስት ጊዜ እንደሚታጠብ ታውቃለች። መቁጠር ስለማትችል እሷ ዘንድ ሦስት ማለት ውሃው እስኪያልቅ ነው። አንድ ቀን በጫማዋ ወደ መስገጃቸው ስትሮጥ አባቴ ያዝ አደረጓትና፣ ጫማ ነጃሳ፣ ርኩስ ነገር፣ ረግጦ ሊመጣ ስለሚችል መስገጃ ላይ እንደማይወጣ ቀስ ብለው አስረዷት። እሷም ትንሽ አሰበችና «ሲታጠብስ?» አለቻቸው። አባቴ ለሕፃንም ቢሆን የተጠየቁትን በትክክል መመለስ አለብኝ የሚሉ ሰው ናቸው። ከታጠበማ ንጹሕ ነው፣ ይወጣል አሏት። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። ወይም የተስተካከለው፤ እናንተው ትፈርዳላችሁ።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ ልውሰዳችሁ። ዘሀራን ለትዳር የጠየቃት ጀማል የሚባል፣ ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ጎማ የሚሠራ ጎሚስታ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ እጁ እንጂ ምላሱ ግሪስ ነክቶት አያውቅም። እሷም ወዳዋለች። በምን አወቅህ ካላችሁኝ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ኮምቦልቻ በወረደች ቁጥር በሙቀቱ ስታማርር የኖረች ልጅ፣ በድንገት «የደሴ ብርድ አጥንቴ ገባ» ማለት ጀመረች።

ሽማግሌ መጣ። አባቴ «ይታሰብበት» ብለው መለሱ። ይህ ወግ ነው፣ ማንም አይቀየምም፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁ የሰለቸችው ይመስልበታል። ሽማግሌዎቹ ደግመው መጡ። አባቴ ጊዜ ስጡኝ አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊመጡ ቀን ሲቆረጥ ዘሀራ እህል አልወርድ አላት። ሦስት ጊዜ ደጅ የጠና ሽማግሌ ባዶውን ከተመለሰ፣ ለአራተኛ አይመጣም። በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

አባቴ ጀማልን ጠልተውት አልነበረም። ሁላችንም የምናውቀው፣ ማናችንም በአፋችን ያላልነው ምክንያት አንድ ነው፤ ማንቆርቆሪያዋን ማን ያቀርባል? እናንተ ብታቀርቡ ምናለበት እንዳትሉኝ። ዘሀራ አሟት በተኛች ሰሞን ሰዓዳ ስታቀርብላቸው፣ ምራቴን አደከምኳት ብለው ሲቸኩሉ ግማሽ እጅጌያቸውን አረጠቡት። እኔ ሳቀርብ ደግሞ «ደንበኛ እየጠበቀህ አይደለም እንዴ?» ብለው አባረሩኝ። እህቴን አየኋት፣ አባቴን አየኋቸው፤ የአንዳቸው ደስታ የሌላቸው ሐዘን ሆኖ ሲገኝ መሀል ላይ መቆም ከባድ ነው።

ቀኑ ደረሰ። እሑድ ነው፣ ሰማዩ ያካፋል፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከኮምቦልቻ የሚያወጣውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በጭጋግ ውስጥ ወጥተው ደረሱ። መሪያቸው ሐጂ እንድሪስ፣ ለክብራችን ሲሉ በደንብ የተቦረሸ ጥቁር ቆዳ ጫማ ተጫምተዋል። ሁለተኛው የጀማል ጎረቤት ጋሽ ታደሰ ናቸው፣ ኮምቦልቻ ያለች አንዲት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲላክ እስላምና ክርስቲያን ቀላቅሎ መላክ የቆየ ብልሃት ነው፤ ለራሱ ወገን እምቢ የሚል ሰው ለጎረቤት ያፍራል። ሦስተኛው ከደጋን የመጡት የጀማል አጎት ናቸው። ገበሬ ናቸው፣ ክረምቱን አውቀው የላስቲክ ኮንጎ ጫማቸውን አድርገዋል። ሰዓዳ ጠዋት ሐያትን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ዛሬ ትልልቅ እንግዶች እንደሚመጡና የጫማቸው ነገር የእሷ አደራ እንደሆነ ነግራት ነበር። ለሕፃን አደራ የሚለውን ቃል መናገር አደገኛ ነው። ታምንበታለች።

ሰላምታው ተሰጠ፣ ዱዓ ተደረገ። ገበታ ቀረበ፤ ሐጂ እንድሪስ ቃል ሳንሰማ እህል አንቀምስም አሉ። ምግቡ ተከድኖ ተቀመጠ። ጀማልን አመሰገኑ፣ ዘሩን ቆጠሩ፣ አባቴም አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። በመጨረሻ ያን ሁሉ ጊዜ በሆዳቸው የያዙትን አወጡት።

«ልጁን አልነቀፍኩትም፣ ወላሂ። ግን እሷ የናቷን ቦታ ይዛ ነው ያለችው። የውዱእ ውሃ የምታቀርብልኝ እሷ ናት። ትንሽ ትቆይልኝ።»

እኔ ምንጣፉን አየሁ። ሐጂ እንድሪስም አዝነው፣ አላህ ለሁላችንም የተሻለውን ያምጣ፣ እኛ ግን ልጁን ከዚህ በላይ በተስፋ ልናቆየው አይገባም ብለው ተነሱ። ሌሎቹም ተነሱ። ከመጋረጃው ኋላ ብርጭቆ የያዘ ትሪ መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ዘሀራ ነበረች። ሰው እምቢ ሲባል ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ደህና ሁኑ እንኳ የሚባለው ወደ መሬት እየታየ ነው።

ደጃፍ ደረስን። ጫማ የለም።

አንድም ጫማ የለም። ሲሚንቶው እርጥብ ነው፣ ካፊያው ይወርዳል፣ ሦስት የተከበሩ ሰዎች በካልሲ ቆመዋል፤ የጋሽ ታደሰ አውራ ጣት ከካልሲው ወጥቶ ሰማዩን ያያል። ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው፤ ሌባ። አባቴ ፊታቸው አመድ ሆነ። ልጅ ከልክሎ ጫማ ማሰረቅ። ይህን የሰማ አገር ዳግመኛ እዚህ ቤት ሽማግሌ ይልካል? እኔ ወደ ግቢው በር ልሮጥ ስል የደጋኑ ገበሬ በእጃቸው አቆሙኝና መሬቱን አሳዩኝ። ከደጃፉ አንስቶ እስከ በርሜሉ፣ ከበርሜሉ ደግሞ እስከ አባቴ ክፍል ድረስ የፈሰሰ ውሃ የሲሚንቶውን ጭቃ አጥቦ መንገድ ሠርቷል።

ተከትለነው ሄድን። አባቴ በሩን ገፋ አደረጉት።

መስገጃው ተዘርግቷል። ጫማዎቹ ላዩ ላይ በአንድ ረድፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ አፍንጫቸውን ሰው ሲሰግድ ወደሚዞርበት ወደ ቂብላ አዙረው ቆመዋል። ውሃ ከሁሉም ይንጠባጠባል። ያ የተቦረሸ ቆዳ ጫማ የጠጣውን ውሃ ጠጥቶ ሆዱ ተነፍቷል። አንዳች ያልሆነው ኮንጎው ብቻ ነው። ሐያት እስከ ወገቧ ረጥባ፣ ባዶውን ማንቆርቆሪያ አቅፋ፣ የዘሀራን ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አጠገባቸው ቆማለች።

«ሐያት፣ ምን አደረግሽ?» አሉ አባቴ፣ በለሆሳስ።

«ታጠቡ፣ አባባ» አለች። «ውዱእ አላቸው።»

አባቴ የተናገሩት ቃል ተመልሶ መጥቶ ፊታቸው ቆሟል፤ ከታጠበ ይወጣል ብለዋል፣ ታጥቧል፣ ወጥቷል። መጀመሪያ የተናገሩት ጋሽ ታደሰ ናቸው። ወደ ረድፉ ጠጋ ብለው አዩና «ሐጂ፣ የኔም አለበት እኮ» አሉ። ከዚያ በኋላ ሳቁን ማን እንደጀመረው አላውቅም። የደጋኑ ሰው ግድግዳ ይዘው ሳቁ። ሐጂ እንድሪስ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው፣ ጉልበታቸውን እያቃሰቱ ሐያት ፊት ቁጢጥ አሉ።

«ይኸን ውሃ ማን ቀዳልሽ፣ የኔ እናት?»

«እኔ።»

«ኸየት?»

በአገጯ ወደ በርሜሉ አመለከተች። ሐጂ እንድሪስ ቀና ብለው አባቴን አዩአቸው። አሁን አይስቁም።

«ሸህ ይመር፣ የውዱእ ውሃ የሚያቀርብልኝ የለም አሉን። አመንዎ። ለኛ ጫማ ያልነፈገች ለርስዎ ትነፍጋለች?»

አባቴ ሐያትን አዩአት፤ ይበልጥ ግን ያዩት ትከሻዋ ላይ ያለውን ፎጣ ይመስለኛል። ከዚያ ፎጣውን አንስተው ፀጉሯን ማድረቅ ጀመሩ። በጣም ቀስ ብለው ነው የሚያደርቁት። እንግዶቹ ቆመው ይጠብቃሉ፤ በዝናብ በካልሲ መሄድ አይቻል፣ ሌላ የሚያደርጉት የላቸውም። አባቴ ፀጉሯን ሲጨርሱ፣ ዘወር ሳይሉ፣ እንግዶቹ ተቀምጠው ምሳ እንዲበሉ ጠየቁ። ሐጂ እንድሪስ ቃል ሳንሰማ አንቀምስም ብለን ነበር ብለው አስታወሷቸው።

«እሱን ሰምቼ ነው ብሉ ያልኳችሁ» አሉ አባቴ።

ዘሀራ ከመጋረጃው ኋላ እልል ልትል ጀምራ አፏን በእጇ ስትይዝ ሰማናት። ሰዓዳ ግን አልያዘችም፤ ሙሽራዋ ያፈረችበትን እልልታ እሷ ጨረሰችላት። እኔ ጫማ ላድርቅ ብዬ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እንባዬ ስለመጣ ነው የወጣሁት። አላህ ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ጫማ ሳያረጥብ አይደግስም።

ጫማዎቹ ከሰል ምድጃ ዙሪያ ተደርድረው ሲደርቁ ሽማግሌዎቹ እስኪመሽ ድረስ ተጫወቱ። የሐጂ እንድሪስ ጫማ ከዚያ ወዲያ አላገገመም። በጋብቻው የኒካህ ቀን አፉን ከፍቶ ነው የመጣው። እኔ አዲስ ልግዛልዎ ብላቸው እምቢ አሉ፤ ውዱእ ያለው ጫማ አይጣልም።

ዘሀራ አሁን ኮምቦልቻ ናት። በደወለች ቁጥር በሙቀቱ ታማርራለች፤ ደህና መሆኗን የምናውቀው በዚህ ነው። ሐያት ደግሞ በይፋ ሥራዋን ተረክባለች። የዐስር ሶላት ሲደርስ አባቴ ከበርጩማቸው ሆነው ይጠሯታል፤ እሷ ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጇ አቅፋ ከበርሜሉ ትነሳለች። ውሃው ከእሷ ጋር ይነሳል እንጂ ከእሷ ጋር አይደርስም። ግማሹ ሱሪዋ ላይ፣ የቀረው በመንገድ ያልቃል። እኔም በሆዴ፣ እኒህ ሽማግሌ በምን ውሃ ነው የሚታጠቡት እያልኩ እሳቀቅ ነበር። ሰዓዳ ብቻ አትጨነቅም። ለካስ የምታውቀው ነገር ነበራት።

በቀደም ሱቄ መብራት ጠፋና የስፌት መኪናዬን ዘግቼ ጊዜው ሳይደርስ ቤት ገባሁ። ግቢው ጭር ብሏል፤ ሐያት ገና ከቀን እንቅልፏ አልተነሳችም። አባቴ በርሜሉ አጠገብ ናቸው። ብቻቸውን። ራሳቸው ቀድተው፣ ወገባቸውን አጠፍ ዘርጋ እያደረጉ፣ አንድም ሳያጓድሉ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ታጠቡ። እግራቸውን አደረቁ። ማንቆርቆሪያውን ባዶ አድርገው ቦታው መለሱ፤ የረጠበውን ሲሚንቶ እንኳ በመጥረጊያ ገፋ ገፋ አደረጉት። ከዚያ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው እንዳልታጠበ ሰው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

እኔን ሲያዩ ትንሽ ደነገጡ።

«አባ፣ ራስዎ መቅዳት ይችሉ ኖሯል?» አልኳቸው።

«ውሃ መቅዳት ማን ያቅተዋል?» አሉኝ፣ ቅር ብሏቸው። ቀጥለውም ውዱእ በውዱእ ላይ ማድረግ አጅር፣ ምንዳ፣ እንዳለው አስረዱኝና፣ ዝም እንድል በጣታቸው ምልክት ሰጥተው ወደ ቤት ውስጥ ተጣሩ፤ «ሐያት፣ ውሃ!»

መጣች። ፎጣው ከኋላዋ ይጎተታል፣ ውሃው ከፊቷ ይፈሳል። የደረሰው አንድ መዳፍ ቢሞላ ነው። አባቴ ቢስሚላህ ብለው ተቀበሏት፤ ያችን መዳፍ ውሃ ከእጃቸው እስከ እግራቸው አብቃቁ። ፊታቸው ተፈትቶ ነበር።

አበው ልክ ናቸው፤ ታርቀናል። ልጅ የቀዳው ለውዱእ አይበቃም። አባቴም ይህን ስለሚያውቁ፣ ቀድመው ታጥበው ነው የሚጠብቋት።